ቫንኮማይሲን ለስታፍ ማጅራት ገትር፦ ብልቃጡ ምን ያህል ያዋጣል?

የቫንኮማይሲን ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚ እጅ የሚገባው በክፉ ቀን ነው። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ አንገቱ ደርቆ፣ ንግግሩ ተደበላልቆ የተኛ ሰው አለ፤ ሐኪሙ ወረቀት ላይ «ቫንኮማይሲን 1 ግራም» ብሎ ይጽፋል፤ ቤተሰብ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ሁለት ሦስት ብልቃጥ ይበቃል ብሎ የወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ብዛት ሲሰማ ይደነግጣል። እዚህ የምንገመግመው የአንድን ፋብሪካ ምርት አይደለም፤ መድኃኒቱን ብዙ አምራቾች በብዙ ስሞች ያወጡታል። የምንመዝነው ዱቄቱን ራሱን ነው፦ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ለሚያመጣው ማጅራት ገትር ምን ያህል ይሠራል? የት ላይ ይደክማል? ስንሰጠውስ ምን እናበላሻለን?

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ሜቲሲሊንን ለተላመደው ስታፍ፣ በተለምዶ ኤምአርኤስኤ ለሚባለው፣ ቫንኮማይሲን የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ላልተላመደው ስታፍ ግን የፔኒሲሊን ዘመድ ከሆነው ከክሎክሳሲሊን በኋላ የሚመጣ መድኃኒት ነው። በሁለቱም ላይ ግማሹን ሥራ የሚሠራው የሚሰጠው እጅ ነው። በቸኮለ ጠብታ፣ በክብደት ባልተሰላ መጠንና ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ሳይወሰድ የተጀመረ ቫንኮማይሲን ገንዘብም ሰውም ያስከፍላል።

«ማጅራት ገትር» የሚለው ስም ምልክቱን ራሱን ይናገራል፤ ማጅራት ይገትራል። በኢትዮጵያ ስሙ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው በደረቁ ወራት በወረርሽኝ የሚመጣው ነው፤ አገሪቱ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ያኛውን የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ ሲሆን ክትባት አለው። የስታፉ ጠባይ ሌላ ነው። በወረርሽኝ መልክ ሰፈር ለሰፈር አይዛመትም፤ ለሌሎቹ የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎች፣ ለሜኒንጎኮከስ፣ ለኒሞኮከስ ወይም ለሂብ፣ የተሰጠ ክትባትም አይከላከለውም። ከባክቴሪያ ማጅራት ገትሮች መካከል ጥቂቱን ድርሻ ነው የሚይዘው፤ ሲይዝ ግን ክፉኛ ይይዛል።

የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር የራስ ቅል ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና፣ የራስ ቅል ስብራት፣ እንዲሁም በጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ ለተጠራቀመ ሕፃናት የሚገባው ማፍሰሻ ቱቦ፣ ሹንት፣ ነው። ሹንት ላይ በብዛት የሚገኘው ቆዳ ላይ ሳይጎዳን የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኦርየስም ይከተላል። ኤፒደርሚዲስ የላስቲኩ ገጽ ላይ አተላ መሰል ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ ሕመሙም ዝግ ያለ ነው፦ አልፎ አልፎ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ሹንቱ ሥራ ማቆም። አንገት ላይገተር ይችላል። ሁለተኛው በር ደም ነው። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ የአጥንት ኢንፌክሽን፣ እባጭ፣ በአከርካሪ ዙሪያ የተቋጠረ መግል፣ ለኩላሊት እጥበት የገባ ቱቦ፣ እነዚህ ሁሉ ኦርየስን ወደ ደም ይለቁታል። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት ከህብለ ሰረሰር ፈሳሹ ኦርየስ የተገኘ ሰው ካለ፣ ምንጩን ሌላ ቦታ መፈለግ ግዴታ ነው፤ ቢያንስ ሁለት የደም ካልቸር፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ጀርባውን የሚያመው ከሆነ ደግሞ የአከርካሪ ኤምአርአይ።

ቫንኮማይሲን ከየት መጣ? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቦርኒዮ ደሴት ከተላከ አፈር ውስጥ በኢላይ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች ተለየ፤ በ1958 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ቆሻሻ የበዛባቸውና ቡናማ ስለነበሩ «የሚሲሲፒ ጭቃ» ይባሉ ነበር። የዛሬው ዱቄት በጣም የተጣራ ነው፤ የድሮው ክፉ ስሙ ግን እስካሁን ይከተለዋል።

አሠራሩን ማወቅ ድክመቱንም ለማወቅ ይረዳል። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚገነባውን ኢንዛይም ይይዛሉ። ኤምአርኤስኤ ያን ኢንዛይም በሌላ ተክቶታል፤ ስለዚህ ክሎክሳሲሊንም ሴፍትሪያክሶንም አይነኩትም። ቫንኮማይሲን ግን ኢንዛይሙን ትቶ ጡቡን ራሱን፣ የግድግዳውን ግብዓት ጫፍ፣ ይጨብጣል። ጥበቡ ይህ ነው። ድክመቱ ደግሞ ግዙፍነቱ ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል ፈሳሽ የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሽፋኑ በኢንፌክሽን ሲቆጣ በተሻለ ያልፋል፤ ቁጣው ሲበርድ መግቢያው ይጠባል። በዚህ ላይ ባክቴሪያውን የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። ለማጅራት ገትር መጠኑ ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ ጋር ዴክሳሜታዞን የተባለው ቁጣ አብራጅ ስቴሮይድ ይነሳል። በአዋቂ ላይ ኒሞኮከስ ሲጠረጠር ከመጀመሪያው ፀረ ባክቴሪያ በፊት ወይም አብሮ 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ እስከ 4 ቀን ይሰጣል። ቁጣውን ስለሚያበርድ ግን የቫንኮማይሲንን መግቢያም ያጠባል፤ ለስታፍ ጥቅሙ አልታየም። ካልቸሩ ስታፍ መሆኑን ሲናገር ዴክሳሜታዞኑን ማቆም ይገባል። ወረቀቱ ላይ ተረስቶ 4ኛ ቀን የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

አዘገጃጀቱ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው።

የብልቃጡን ጎማ በ70% አልኮል ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለ500 ሚሊ ግራም 10 ሚሊ ሊትር፣ ለ1 ግራም 20 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ይጨምሩ። በሁለቱም መንገድ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ብልቃጡን አይነቅንቁት፤ አረፋ ያወጣና ልኩን መቅዳት ይቸግራል። በሁለት መዳፍ መሃል ያንከባልሉት። ጥርት ብሎ ካልሟሟ፣ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ከታየበት፣ አይሰጥም።

ይህ ገና ለደም ሥር አልደረሰም። እንደገና መቅጠን አለበት፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። 500 ሚሊ ግራም ቢያንስ በ100፣ 1 ግራም ቢያንስ በ200 ሚሊ ሊትር 0.9% ኖርማል ሳላይን ወይም 5% ዴክስትሮስ ማለት ነው። 250 ሚሊ ሊትር ከረጢት ካለ 20ውን ቀድተው አውጥተው የሟሟውን 20 ቢተኩበት ሒሳቡ ንጹሕ ይሆናል። ዎርዱ ውስጥ ያለው የ1000 ሚሊ ሊትር ከረጢት ብቻ ከሆነ ትርፉን አስወግዶ 250 ማስቀረት ነው። ሙሉው 1000 ላይ ጨምሮ መስቀል ሁለት ጉዳት አለው፦ አንጎሉ ላበጠ ሰው ያልታዘዘ ፈሳሽ ይጨምርበታል፤ መድኃኒቱም ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠበ የሚቀጥለው መጠን ሰዓት ይደርስበታል።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ10 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከ60 ደቂቃ አይነስ። 1 ግራም 100 ደቂቃ፣ 1.5 ግራም 150 ደቂቃ ይፈልጋል። ፓምፕ ከሌለ በጠብታ ይቆጠራል። በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ ቱቦ (ማሸጊያው ላይ ተጽፏል) 250 ሚሊ ሊትር በ100 ደቂቃ ለመጨረስ በደቂቃ 50 ጠብታ ነው። ታማሚው እጁን ባጠፈና ባነሳ ቁጥር ጠብታው ይለዋወጣልና በየ15 ደቂቃው መልሶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ሲቸኮል የሚመጣውን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ፊት፣ አንገትና ደረት ይቀላል፣ ያሳክካል፤ አንዳንዴ የደም ግፊት ይወርዳል። ሰውነት ሂስታሚንን በአንዴ ስለሚለቅ ነው። ብዙ ጊዜ እውነተኛ አለርጂ አይደለም። ጠብታውን ያቆማሉ፣ ፀረ ሂስታሚን ይሰጣል፣ ምልክቱ ሲበርድ በግማሽ ፍጥነት ይቀጥላል። ካርዱ ላይ «ለቫንኮማይሲን አለርጂ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያ ሰው ነገ ኤምአርኤስኤ ቢይዘው ዋናው መድኃኒት ተዘጋበት ማለት ነው። የከንፈር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሲርሲርታ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አናፊላክሲስ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ፣ ነው፣ አድሬናሊን ይፈልጋል።

በሕፃናት ላይ በጣም የሚዘነጋ ነገር አለ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሒሳብ በየ6 ሰዓቱ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ከሟሟው 3 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ በጠቅላላ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይቀጥናል፤ በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ በሚሰጠው ቱቦ በደቂቃ 30 ጠብታ ተደርጎ በ60 ደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን ቱቦው ራሱ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ሊይዝ ይችላል። «አለቀ» ተብሎ ቱቦው ከተነቀለ 75 ሚሊ ግራም፣ የልጁ መጠን ግማሽ፣ ቆሻሻ መጣያ ገባ! መፍትሔው በዚያው ፍጥነት 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ከኋላው ማስከተል ነው። አዋቂ ላይ ጉዳቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከሴፍትሪያክሶን ጋር በአንድ ከረጢትም በአንድ ቱቦም አይገናኙ፤ ይዘቅጣሉ። አንዱ ካለቀ በኋላ ቱቦው በደንብ ታጥቦ ነው ሌላው የሚጀመረው። መድኃኒቱ አሲዳማ ስለሆነ ደም ሥር ያቃጥላል፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋውን ይጎዳል። ወፍራም ደም ሥር መምረጥ፣ ካኑላ የገባበትን ቦታ በየፈረቃው ማየት ይገባል። በጡንቻ ፈጽሞ አይወጋም።

መጠኑና ኩላሊት

«1 ግራም በየ12 ሰዓቱ» ለሁሉም የሚሆን ልብስ አይደለም። ለአዋቂ መነሻው በኪሎ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1500 እስከ 1800 ሚሊ ግራም። ቀጥሎ በኪሎ ከ15 እስከ 20 በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ፣ እንደ ኩላሊቱ አቅም። መነሻውን ትልቅ መጠን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ያለ እሱ በቂ መጠን ደም ውስጥ እስኪጠራቀም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ያልፋል፤ በማጅራት ገትር ያ ቀን የሚባክን ቀን አይደለም።

በደም ውስጥ ያለውን ልክ መለካት የሚችል ላቦራቶሪ ካለ ከ4ኛው መጠን በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደም ይቀዳል፤ ለማጅራት ገትር የሚፈለገው በሊትር ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ከሚገባበት ክንድ አይቀዳ፤ በሐሰት ከፍ ይልና ሐኪሙ መጠኑን ያለ ምክንያት ይቀንሳል። መለኪያው በሌለበት ደግሞ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) በየ2 ቀኑ፣ የሽንት መጠን በየቀኑ መመዝገብ ነው። ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ ወይም ከመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ ኩላሊት እየተጎዳ ነው። ጄንታማይሲን፣ ፒፐራሲሊን ታዞባክታምና ፉሮሲማይድ ሲደረቡ አደጋው ይጨምራል። ለትኩሳትና ለሕመም ዳይክሎፌናክ መውጋትም እንዲሁ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ካልቸሩ ሲመጣ

ከህብለ ሰረሰር ፈሳሹ ላይ በግራም ቀለም እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ሐምራዊ ክብ ባክቴሪያዎች ከታዩ ስታፍ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ስሙንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚነግረው ግን ካልቸር ነው። ስለዚህ ቫንኮማይሲኑ ከመንጠባጠቡ በፊት ደም ለካልቸር ይቀዳ፤ የጀርባው ፈሳሽም ከልካይ ምክንያት ከሌለ ይወሰድ። ሲቲ ስካን ለመጠበቅ ወይም ሌላ መዘግየት ካለ ደም ተቀድቶ መድኃኒቱ ይጀመር። ከሹንት የተወሰደ ናሙና ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ላቦራቶሪው እስከ 10 ቀን እንዲያቆየው መንገር ያስፈልጋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። የቫንኮማይሲን ዲስክ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን ላይ የሚቀመጠው መድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት) ለስታፍ አይታመንም፤ የተላመደውንና ያልተላመደውን አይለይም። ትክክለኛው የመድኃኒቱን አነስተኛ ገዳቢ መጠን፣ ኤምአይሲ፣ መለካት ነው። ለኤምአርኤስኤ የሚያገለግለው 30 ማይክሮ ግራም የሴፎክሲቲን ዲስክ ነው፤ ለኦርየስ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ስፋት 22 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ክሎክሳሲሊን ይሠራል፣ 21ና ከዚያ በታች ከሆነ ኤምአርኤስኤ ነው። «ቫንኮማይሲን በዲስክ፦ ይሠራል» የሚል ውጤት ይዞ የመጣ ወረቀት ብዙ አይነግረንም።

ውጤቱ ክሎክሳሲሊን ይሠራል ካለ፣ እባካችሁ ቀይሩ። 2 ግራም በየ4 ሰዓቱ፣ በቀን 12 ግራም በደም ሥር። «ቫንኮማይሲን ጠንካራ ነው፣ እሱን እንቀጥል» የሚለው አስተሳሰብ ሰው ይጎዳል፤ ላልተላመደ ስታፍ ክሎክሳሲሊን ፈጥኖ ይገድላል። በየ4 ሰዓቱ መስጠት ለነርስ ከባድ ነው፣ እናውቃለን፤ ሌሊት 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ የሚዘለል መጠን ግን በባክቴሪያው በኩል ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባም ይህንን ያንጸባርቃል፦ ክሎክሳሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት ወገን፣ ቫንኮማይሲን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት፣ ሊነዞሊድ ለመጨረሻ ከሚጠበቁት።

ሹንት ውስጥ የገባ ስታፍ ላይ ቫንኮማይሲን ብቻውን ደካማ ነጥብ ነው የምንሰጠው። ቱቦው ላይ ያለው አተላ መድኃኒቱን ያግዳል። ሹንቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ጊዜያዊ የውጭ ማፍሰሻ መግባት አለበት። በደም ሥር ሲሰጥ ካልበቃ፣ በነርቭ ቀዶ ሐኪም እጅ ብቻ፣ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ቫንኮማይሲን በአዋቂ በቀን ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም በማፍሰሻው በኩል ወደ አንጎል ክፍተት ይገባል፤ ማፍሰሻው ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ተዘግቶ ይቆያል። ከደም ሥሩ ግራም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን በቀጥታ ቦታው ላይ ይደርሳል። አዲስ ሹንት ለኦርየስ የሚገባው ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

የሕክምናው ርዝመት ለኦርየስ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ ካልቸሩ ደጋግሞ ባክቴሪያ ካሳየ ቆጠራው ከመጨረሻው አዎንታዊ ካልቸር ይጀምራል። ምንጩ የልብ ቫልቭ ወይም አጥንት ከሆነ ሳምንታት ይጨመራሉ።

ተፎካካሪዎቹስ? ሊነዞሊድ 600 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ወደ አንጎል ፈሳሽ በጥሩ ሁኔታ ይገባል፤ ቫንኮማይሲን ሲያቅት ወይም ኩላሊት ሲዳከም መልካም ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ሲሄድ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ይቀንሳል፤ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ጋር አይስማማም። ሪፋምፒሲን በደንብ ይገባል፤ ለብቻው ከተሰጠ ግን ስታፉ በቀናት ውስጥ ይለምደዋል፤ ሁልጊዜ ደርቦ ነው። ኤችአይቪ ላለበትና ዶሉቴግራቪር ለሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ሲጨመር ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሽንት ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፤ አስታማሚው ደም መስሎት እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገረው።

ግዢውን በተመለከተ

ምርመራው ሳይለይ የ14 ቀን ብልቃጥ በአንድ ጊዜ አትግዙ። በየ12 ሰዓቱ 1 ግራም ለሚወስድ ሰው 14 ቀን 28 ብልቃጥ ነው፤ በየ8 ሰዓቱ ከሆነ 42። ካልቸር አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ይናገራል፤ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። 1.5 ግራም ጀምሮ በየ12 ሰዓቱ 1 ግራም ለሚቀጥል ሰው የ3 ቀን ፍጆታ 6.5 ግራም ነው፤ 7 ባለ 1 ግራም ብልቃጥ ይበቃል። የሟሟ ውኃው፣ የማቅጠኛ ከረጢቱና ቱቦው ዋጋም ይታሰብ፤ ብልቃጡ ብቻውን አይሰጥም።

መድኃኒት ቤት ላይ ማኅተሙ ያልተነካ፣ የአገልግሎት ጊዜው የሚነበብ፣ ዱቄቱ ያልረጠበና ያልጓጎለ መሆኑን ይዩ። ደረቁ ብልቃጥ በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፤ የሟሟው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተቀምጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት። መርፌው ጠፍቶ እንክብል ካቀረቡላችሁ ግን አትቀበሉ። የሚዋጠው ቫንኮማይሲን ከአንጀት ወደ ደም አይገባም፤ የተሠራው ለአንጀት ኢንፌክሽን ነው፣ ለማጅራት ገትር ታማሚ አንድም ሚሊ ግራም አያደርስም።